ስፖንጅ ድንጋይ የከበዳቸው ሽማግሌ

በዚህ ከተማ ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛው ሳይጠራ ይመጣል። ይህ ሦስተኛ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ንብ አበባ የት እንዳለ እንደምታውቅ እሱም ጠብ የት እንዳለ ያውቃል። ከቤቱ ሲወጣ ጫማውን ሳያስር ይሮጣል፤ ከቦታው ሲደርስ ግን ከቶ የቸኮለ አይመስልም። ኮቱን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ መሃል ይገባል። አስታራቂ ነው። አስታራቂ የሌለው ሰፈር ውሃ ከሌለው ሰፈር አይሻልም የሚሉ አሉ። አስታራቂ ያለው ሰፈር ግን በሰላም ተጣልቶ የማደር መብት የለውም። ይህን ማንም ስላላለው እኔ ብያለሁ።

የእኛ ሰፈር አስታራቂ ክቡር አቶ ዲንሳ ናቸው። በእድሜ እኩያዬ ስለሆኑ ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን «አንቱ» ይገባቸዋል። ለቡ ሜዳ ሳለ ጤፍ የዘሩበት፣ ለቡ ፎቅ ከሆነ በኋላም ከፎቆቹ ጀርባ ሁለት ላም ያላጡ ሰው ናቸው። ሽምግልናን ከአባታቸው ወረሱ፤ በአባታቸው ቋንቋ ጃርሱማ ይባላል። መሬቱ ሲሄድ ጃርሱማው ቀረላቸው። ችግሩ ያ ሽምግልና የተሰፋው ለአንድ ሰፊ አገር ነበር፤ ዛሬ የሚለብሰው የእኛ ሰፈር ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳችን ብዙ ይደርሰናል።

አቶ ዲንሳ ወደ ሰው ጠብ የሚገቡባት በር አንዲት ናት፤ «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…» ይላሉ። ከ«ግን» በኋላ ያለው እንደ ጠቡ ዓይነት ሲረዝም ይውላል።

አንድ ቀን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሁለት ሚኒባሶች መስታወት ለመስታወት ተነካኩ። ሾፌሮቹ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ወረዱ። አቶ ዲንሳ በአንደኛው ውስጥ ተሳፋሪ ነበሩ። «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…» ብለው እሳቸውም ወረዱ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ የሚከሰስ ሰው አጣ። አንደኛው ሾፌር «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የእኔ ነው» ይላል። በዚህ ሳይግባቡ ቀርተው ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። አቶ ዲንሳ እንደገና ኮታቸውን አስተካከሉ። ከኋላ የቆመው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ የለቡ ከብት ሁሉ ቀና አለ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ፉሪ ለልጅ ጥየቃ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። የልጅቷ ቤተሰብ ገና ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ «እሺ፣ ሰጥተናል» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። አቶ ዲንሳ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እንዲህ በፍጥነት እሺ የሚባል ነገር ውስጥ የተደበቀ ቅሬታ አለ» አሉ። ሲፈልጉ ዋሉ፤ አገኙትም። የልጅቷ አጎት ከዓመታት በፊት በአንድ ለቅሶ ላይ ሰላምታ ተነፍጎ ኖሯል። እሱን አስታርቀው ሲጨርሱ መሽቶ ስለነበር የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦብሴ በቤት ውስጥ ያለውን ሁኔታ እንዲህ ብለው አጫውተውኛል፦ «ከእሱ ጋር ድራማ ማየት አይቻልም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎቹ ሲጣሉ ተነስቶ ኮቱን ይለብሳል።»

ይህን ሰምቼ ሳለ ወደ ቴአትር የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ።

በሰፈራችን የወጣቶች አዳራሽ በዓመት አንድ ጊዜ የአጫጭር ቴአትሮች ሳምንት ይደረጋል። ከለቡም፣ ከፉሪም፣ ከሀይሌ ጋርመንትም ልጆች ተሰባስበው ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ቴአትር የተሰጠው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሁለት ዳኞች እያዩ ለመዝጊያው ቅዳሜ ዳግም የሚታየውን ይመርጣሉ። መጋረጃው የሚከፈተው በገመድ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲይዘው አንድ ሰው ወጥቶ ይጎትተዋል፤ ለእሱም ይጨበጨብለታል። ዘንድሮ አንድ ቡድን ቃል የሌለበት ቴአትር አቀረበ። ተዋናዮቹ በዝምታ ሲንቀሳቀሱ ከኋላ ያለው ሕዝብ «ድምፅ! ድምፅ ጨምሩ!» እያለ ጨረሰው። እኔ እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ተጽፎ የመጣ ነገር ሁሉ ቆሜ ባልቀበለው ቅር ይለኛል።

ከጸሐፊዎቹ አንዷ መቅደላዊት ናት። ቀን ቀን ፎቶኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ቴአትሯንም በምሳ ሰዓቷ ጽፋ ለእኔ አምጥታ አስነበበችኝ። ርእሱ «ወሰን» ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ግቢ ወሰን ይጣላሉ። ታናሹ የወሰኑን ድንጋይ በስውር ያንቀሳቅሳል፤ ታላቁ ይደርስበታል። በመጨረሻ ታላቁ በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ አይመለስም። በቃ፣ ያልቃል።

«ጓደኞቼ ሁሉ አስታርቂያቸው አሉኝ» አለችኝ። «ተመልካች ከፍቶት ወደ ቤቱ መግባት አይወድም ይላሉ። አባባ፣ መድረክ ላይ የተጣላ ሁሉ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ተቃቅፎ ያለቅሳል። ቤታችን ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ በር ሲዘጋ ሰው ይስማው። እሱን ካበላሹብኝ ሁለተኛ አልጽፍም።»

«የጻፍሽውን አትንኪው» አልኳት። «ማንም አይነካውም።»

ይህን ቃል ሰጥቼ ነው እንግዲህ አቶ ዲንሳን ይዤ የሄድኩት። ለጥንቃቄ ብዬ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጥኳቸው። በእሳቸውና በመተላለፊያው መካከል እኔ አለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ ጎረቤቴ መዝገቡ አለ። መዝገቡ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ትከሻው እንደ በር ሰፊ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም።

ቴአትሩ ጥሩ ሄደ። ታላቁን ወንድም የሚጫወተው አናስ የሚባል ልጅ ነው፤ እናቱ ሐሚዳ ለቡ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ልጇን በሥርዓት እንዳሳደገችው ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ታናሹ በፍቃዱ ነው። መሃል ላይ የወሰኑ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ስፖንጅ ነው፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ ድንጋይ መስሏል። በሩ ግን ከፈረሰ ቤት የመጣ እውነተኛ የእንጨት በር ነው።

ጠቡ ሲጀመር ከጎኔ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ዲንሳ፣ ቴአትር ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ታናሹ «ከአባታችን ሞት በኋላ አንድ ቀን መጥተህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ሲል ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ።

«ዲንሳ!»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉኝ። «ግን…»

አናስ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። እጁ መዝጊያው ላይ ሲያርፍ አቶ ዲንሳ እኔን እንዴት እንዳለፉኝ እስካሁን አልገባኝም። መዝገቡም አልገባውም፤ ኋላ ላይ ብቻ ጫማው ላይ ዱካ አገኘ። ስንነቃ መድረክ ላይ ናቸው።

«ቆይ ልጄ!» አሉ። «ቆይ። ወንድም ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሰምቻለሁ፣ ሁላችንም እዚህ ቁጭ ብለን ሰምተናል። እኔ ስለ እሱ እለምንሃለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው የወሰኑን ድንጋይ ያዙ።

ለማያውቅ ልንገር። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይቀርባል። ሽማግሌ ስለ በዳዩ ብሎ ራሱ ከተሸከመው ግን ነገሩ ከባድ ነው። የተለመነው ሰው ድንጋዩን ከሽማግሌው ላይ ሳያወርድ እግሩን ማንሳት ነውር ነው። ድንጋዩን ካወረደ ደግሞ ታርቋል ማለት ነው። አቶ ዲንሳ በዘመናቸው ይህን ያደረጉት ደም ሊፈስ ሲል ብቻ ነው፤ እምቢ ብሎ የሄደባቸውም የለም።

አቶ ዲንሳ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ወገባቸውን አደላድለው፣ እንደሚከብድ ነገር ከታች ወደ ላይ ሳቡት። ስፖንጁ እንደ ወፍ ተነሳ። እሳቸው ወደ ኋላ ሁለቴ ተንገዳገዱ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ለአፍታ ያንን ቀላል ነገር በእጃቸው ይዘው አዩት። ተረዱ፤ መረዳታቸውን ፊታቸው ላይ አየሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡትና እውነተኛ ድንጋይ እንደተሸከመ ሰው ጎበጡ። የሳቀው ሰውዬ ሁለተኛ አልሳቀም።

አናስ በሩን እንደያዘ ቀረ። አሳዘነኝ። ጽሑፉ «ይወጣል» ይላል። የሐሚዳ አስተዳደግ «አትንቀሳቀስ» ይላል። በመጋረጃው ጥግ መቅደላዊት ትታየኛለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። በፍቃዱ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶበት መሬት መሬት ያያል። ልጁ ቢታረቅ ያቺ ልጅ የጻፈችው አለቀ፤ ዳግመኛም አትጽፍም። ባይታረቅ የአንድ ሽማግሌ ሙሉ ዕድሜ በሰው ፊት ይዋረዳል።

አናስ ተመለሰ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከአቶ ዲንሳ ማጅራት አወረደ። የአዳራሹ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ልጁ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። ከዚያም ድንጋዩን ይዞ ሄደና ወሰኑ ላይ፣ ከድሮ ቦታው፣ በጥንቃቄ መልሶ ተከለው።

«አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ። ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

በሩን ዘግቶ ወጣ።

በሩ እውነተኛ ስለነበር ድምፁም እውነተኛ ነበር። አቶ ዲንሳ እጃቸው ባዶ እንደሆነ መድረኩ ላይ ቀሩ። መብራቱ ጠፋ። ጭብጨባው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው።

ዳኞቹ ይህን ሁሉ የቴአትሩ ክፍል አድርገው ቆጠሩት። አንደኛው ተነስቶ «የሽማግሌው ገጸ ባሕርይ እጅግ ተፈጥሯዊ ነው፤ ድንጋዩ መጀመሪያ ላይ እንደቀለላቸው ያሳዩበት ዘዴ በተለይ ድንቅ ነው» አለ። ሁለተኛዋ በዚህ ተስማማች፤ ልብሱ ግን ትንሽ ተጋንኗል አለች። ያ ኮት አቶ ዲንሳ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት ነው። «ወሰን» ለመዝጊያው ቅዳሜ ተመረጠ።

አቶ ዲንሳ ግን ይህን አልሰሙም። መብራቱ እንደጠፋ በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጤና አጣ። ማክሰኞ ሁለት ሴቶች በውሃ ወረፋ ተጣሉ፤ ማንም አልመጣም። ሴቶቹ ራሳቸው ግራ ገባቸው፤ በየመሃሉ እያቆሙ ወደ መንገዱ ይመለከቱ ነበር። ማታ ላይ ወይዘሮ ኦብሴ እኔ ቤት መጡ።

«እርስዎ ነዎት የወሰዱት፤ እርስዎ ይመልሱልኝ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ቤት ነው። ዶሮዎቹን ሲያስታርቅ ይውላል። ትናንት እኔንና እህቴን አስታረቀን፤ ተጣልተን አናውቅም።»

እሳቸው ሳይወጡ መቅደላዊት ደረሰች። «አባባ፣ ዳኞቹ ሽማግሌው ከሌሉ ቅዳሜ አይሆንም አሉን። እኔም ያለ እሳቸው አልፈልገውም። ያ በር መጀመሪያ ከጻፍኩት በላይ የተሰማው እሳቸው ስለቆሙበት ነው።»

በነጋታው ሄጄ ነገርኳቸው። አቶ ዲንሳ የላሞቹ በረት ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

«ሕዝቡ አጨብጭቦልሃል» አልኳቸው።

«ስዋረድ ነው ያጨበጨበው።»

«ስፖንጅ ነው ዲንሳ። ልጁም ተዋናይ ነው።»

«ስፖንጅ መሆኑን ያላወቅሁ መሰለህ? ድንጋዩ ስፖንጅ ነው፤ ጠቡ ግን ስፖንጅ አልነበረም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ወንድማማች ሲለያይ ያያል፤ አንድ የሚነሳ የለም! እኔ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ቅዳሜም ተነስ።»

«እምቢ ለመባል ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?» አሉ። ተነስቼ መንገድ ገባሁ።

ቤት ስገባ መዝገቡ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኛል። የእኔ የአቮካዶ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ እሱ ግቢ ገብቷል። ቅጠሉ ግቢውን ያቆሽሻል፤ ፍሬውን ግን እሱ ስለሚበላው ቅሬታ የለውም። ቅርንጫፉን ቀና ብለን አየነው። ሐሳቡ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ መጣ።

«እንጣላ» አለ መዝገቡ።

የምንጣላበትን ቃል ተቀምጬ ጻፍኩ፤ የእሱን ለብቻ፣ የእኔን ለብቻ። መዝገቡ ወረቀቱን ሲያይ «ይሄን ሁሉ ነው የምለው? ሰው ሲሳደብ ወረቀት ይይዛል?» አለ። እኔ ግን በሥርዓት ካልሆነ አልጣላም አልኩ። ሐሙስ ጠዋት አጥሩ ላይ ተገናኘን። የአቶ ዲንሳ ቤት ሦስተኛው ቤት ነው፤ ድምፅ ይደርሳል።

«መዝገቡ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይህን ቅርንጫፍ የሚነካ ሰው አስቀድሞ እኔን ይንካ!»

የመዝገቡ ተራ ነበር። ወረቀቱን አየ፤ መነጽሩን ረስቷል። «እሱን ተወውና» አለኝ፣ «አውራ ዶሮህ ገና ሳይነጋ ለምንድነው የሚጮኸው?»

«ይህ የለም» አልኩት በለሆሳስ።

«አለ እንጂ! አጥሬ ሥር ነው ያሳደርከው! ስንት ዘመን ቻልኩህ!»

«አንተስ? ሬዲዮህ? ዜናውን ሰፈሩ ሁሉ ካንተ ቤት ነው የሚሰማው! ጆሮህ እንደማይሰማ ለምን አታምንም?»

«ጆሮዬን አትንካ! የማንበቢያ መነጽር ስለገዛህ ምሁር የሆንክ አይምሰልህ!»

እንግዲህ ወረቀቱ መሬት ወድቋል። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ምን ልመልስለት እንደሆነ እግዜር ያውቃል፤ ደግነቱ ከኋላችን ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማን። አቶ ዲንሳ ቆመዋል። በእጃቸው የእርቅ እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ የጫማቸው ክር አልታሰረም።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ። «ግን…»

ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የቅርንጫፉ ቅጠል በእኔ ይጠረጋል። አውራ ዶሮው ከአጥሩ ሥር ይነሳል። የሬዲዮው ድምፅ ይቀንሳል፤ የማንም ጆሮ በስም አይጠራም። መዝገቡና እኔ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ እውነት ለመናገር ያስፈልገን ነበር። አቶ ዲንሳ የወደቀውን ወረቀት ከመሬት አንስተው፣ አጣጥፈው፣ ሳያዩት ለእኔ ሰጡኝ። መንገድ ጀመሩና ዘወር አሉ።

«መዝገቡ ጥሩ ነው» አሉ። «ከሆዱ ነው የሚያወጣው። አንተ ግን ይቀርሃል። ስትሳደብ የምታነብ ትመስላለህ።»

ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው ያላችሁት?» ሲሉ ጠየቁ።

«አሥር ሰዓት» አልኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ ኦብሴ ኮቱን ተኩሰውታል። አቶ ዲንሳን በዚህ ጊዜ መተላለፊያው ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸው። ሰዓቱ ሲደርስ ተነሱ፤ ድንጋዩን ከታች ወደ ላይ አነሱት፤ ጎበጡ። ቃላቸው ግን ሌላ ነበር። ባለፈው የተናገሩትን ጥለው አዲስ አምጥተዋል። ስለ አባትየው ነገሩት፤ ያ አባት መቼም አልነበረም፤ መቅደላዊት የፈጠረችው ሰው ነው። አቶ ዲንሳ ግን እንደሚያውቁት አድርገው አለቀሱለት። አናስ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አውርዶ እንደያዘ ቆመ። ቆየ። ከልምምዳቸው በጣም የበለጠ ቆየ። መቅደላዊት ከመጋረጃው ጥግ «ውጣ፣ ውጣ» ስትል ከንፈሯ ይታያል።

ድንጋዩን ወሰኑ ላይ መልሶ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ሁሉም ሰማው።

መብራቱ ሲበራ አቶ ዲንሳ ላብ በላብ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡ። ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበ ነው፤ እሳቸው ግን ጭብጨባውን የሚሰሙ አይመስሉም።

«ሲቆይ አየኸው?» አሉኝ። «ቀርቦ ነበር።»

«በጣም ቀርቦ ነበር» አልኳቸው።

እኔ ለተጻፈ ነገር የቆምኩ ሰው ነኝ፤ መቅደላዊትም የጻፈችው እንዳይነካ ቃል ሰጥቻታለሁ። አናስ ድንጋዩን ይዞ ሲቆም ግን ከወንበሬ ግማሽ ተነስቼ እንደነበር መዝገቡ አይቷል፤ ለማንም አልተናገረም። አሁን «ወሰን»ን በሌሎች አዳራሾች ሊያሳዩት ነው ይባላል። አቶ ዲንሳ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ቃል እያዘጋጁ ነው። እኔም የፊት ወንበር እንዲያዝልኝ ነግሬያለሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ከተሳካላቸው እንዳያመልጠኝ።

የአቮካዶው ቅርንጫፍ እስካሁን አልተቆረጠም። መዝገቡና እኔ ለክፉ ቀን አስቀምጠነዋል።